የሺህ ቤት

ደነባ ላይ ጥር ነው፤ ውርጩ ገና አልለቀቀ፣
ምስሩ ተወቅቶ ገብቶ፣ አውድማው ደረቀ፣
ከእግራችን ስር መረሬው እንደ ብስኩት ደቀቀ።
ለአራተኛ ቢ ክፍል፣ ጠመኔ ሁለት ፍሬ፣
አርባ ሦስት ልጅ አለኝ፤ እኔም ያው ገበሬ፣
ሰሌዳዬ ማሳ ነው፣ ጠመኔዬ በሬ።

«ቁጥር ሰፈር አለው፤ መግቢያው በቀኝ በኩል።
አምስት ያው አምስት ነው፣ መልኩ የትም እኩል፣
ግን ወደ ግራ ሲሄድ፣ አንድ ቤት ባለፈ፣
ኪሱ ውስጥ ያለው ብር አስር እጅ ገዘፈ።»

እኔም የነቃሁት ስም ስጠራ ነው፣ በድንገት፤
«የሺሐረግ!» «አቤት!» ይቺ ከሺህ ቤት።
«እልፍነሽ!» «አቤት!» ይቺም ከጎረቤት።
«ሺበሺ!» ዝም አለ። «ሺበሺ የት ሄደ?»
«አቤት» የሚል ካፖርት፣ ከጉልበት የወረደ።
የታላቁ ነው ልብሱ።
ሺህ ሲባዛ በሺህ፣ ባለ ከባድ ስም፣
ስድስት ባዶ የሚጎትት፣ የሚሊዮን ስም፤
ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት አይደርስም።

«ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ» ጻፍኩ፣
«አስር ሺህ አስር» ብዬ ከሥሩ አስከተልኩ።
«የቱ ይበልጣል?»
ጌጤነህ ሳይጠራ ተነሣ፣ ደረቱን ነፍቶ፤
«የላዩ ነዋ ቲቸር! ሁሉም ዘጠኝ፣ ሞልቶ።
የታቹ ምን አለው? አንድና ባዶ፣ አንድና ባዶ።»
«ቤቱን አስቀድመህ፣ ነዋሪውን በተራ፤
አራት ጎረምሳ ቢሰለፍ፣ ቢፎክር፣ ቢያቅራራ፣
አምስት ቤት ያለው ሰው ያልፈዋል ሳያወራ።»
«ቤቱ እኩል ሲሆንስ?» አለች እልፍነሽ።
«ከግራ ጀምሪ፣ አንድ በአንድ አይተሽ፤
መጀመሪያ የተለያዩበት ላይ ነው ፍርድሽ።
ከዚያ ወዲህ ያለው፣ ዘጠኝ ቢደረደር፣
ችሎት ከተነሣ የደረሰ ምስክር።»

በማግስቱ የሳሙና ካርቶን ቀድጄ ሠራሁ፣
በአምስት ልጅ ደረት ላይ ቁጥር አንጠለጠልሁ፦
አራት፣ ባዶ፣ ስድስት፣ ባዶ፣ አምስት።
የሺሐረግ አባት ለማኅበሩ የሸጡት ምስር ዋጋ፣
ከደረሰኙ ላይ፦ አርባ ሺህ ስድስት መቶ አምስት።
የሺህ ቤቱ ባዶ ለሺበሺ ደረሰ።
አየው። ገለበጠው። ከንፈሩን ነከሰ።
«ስሜ ሚሊዮን ሆኖ እኔ ለምን ባዶ?»
ካርቶኑን አውልቆ ተቀመጠ፣ ተናዶ።
ሰልፍ ክፍተት አይወድም፣ ልማዱ ነውና፣
አራት ወደ ስድስት ጠጋ አለች ዝም ብላና…
«አሁን አንብቡት» አልኩ።
«አራት ሺህ… ስድስት መቶ…» ድምፃቸው ወረደ፤
የሺሐረግ ጮኸች፦ «የአባዬ ብር የት ሄደ?»
ወደ ሺበሺ ዞርኩ። «አንተ ነህ የያዝከው፣
ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር ላዩ ላይ የተቀመጥከው።»
የካፖርቱን ኪስ ዳበሰ። ከምሩ ነው የደነገጠው።
ከዚያ በክርኑ እየገፋ መሃላቸው ገባ፣
ካርቶኑን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አነባ…
አይ፣ አላነባም፤ እኔ ነኝ ያስዋብኩት።
ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «ብር የለኝም እኮ፣ ቦታ ነው የያዝኩት።»

ማታ ለጎረቤቴ ለመሪጌታ ክንፉ ነገርኳቸው፣
እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ጋቢያቸው ወርዶ ከትከሻቸው፦
«በግእዙ አርባን በአንድ ምልክት፣ ፵ ብለን እንወጣዋለን፤
የሌለን ነገር ደግሞ ምን ብለን እንጽፈዋለን?»
መልስ አልነበረኝም። ሻይዬን ጠጣሁ።

ሚያዝያ ላይ አባቱ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠረ፣
ቤተሰቡን በአይሱዙ ደብረ ብርሃን አሻገረ።
የፊት ወንበር ለአምስት ነው። አራት ልጅ ቀረ።
ይጠጋጋሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተጠጉም።
ሁለት ወዲህ፣ ሁለት ወዲያ፣ አንድም ቃል አላወጡም፣
መሃሉን በአንድ ካፖርት ልክ ክፍት ትተውት።
ብርድ ነው ጠዋቱ፣ በሩ አይዘጋም ደህና፣
«ጠጋ በሉ» አልኳቸው። ጌጤነህ ቀና አለና፦

«ቁጥሩ ያንሳል፣ ቲቸር።»